ደብተር የሚጨርሰው እጅ

የምህንድስና ተማሪዎች «ትንሽ ደብተር የሚጨርስ ማሽን ንደፉ» ሲባሉ መጀመሪያ ነገሩ ቀላል ይመስላቸዋል። ወረቀቱ ታትሟል፤ ታዲያ ምን ቀረ? የቀረው ማጠፍ፣ መደራረብ፣ መስፋትና ጠርዙን መከርከም ነው። በታሪክ ሰውን ያስቸገረው ግን ይኸው «የቀረው» ሥራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1814 የለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ በእንፋሎት ኃይል በሚሠራ ማሽን መታተም ጀመረ። ኅትመቱ ሲፈጥን የመጽሐፍ ጥረዛው እዚያው እጅ ላይ ቀረ። በእንግሊዝም ሆነ በአሜሪካ ወረቀቱን የሚያጥፉትና የሚሰፉት በአብዛኛው ሴቶችና ልጃገረዶች ነበሩ። ስማቸው በመጽሐፉ ላይ አይጻፍም፤ ያለእነሱ ግን መጽሐፍ የለም።

ማሽኖቹ የመጡት አንድ በአንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1844 ፈረንሳዊው ጊዮም ማሲኮ ለወረቀት መቁረጫ ማሽን የፈጠራ መብት አገኘ። በ1868 በአሜሪካ ዴቪድ ስማይዝ መጽሐፍ በክር የሚሰፋ ማሽን በስሙ አስመዘገበ። በ1879 ደግሞ የብሬመር ወንድማማቾች በጀርመን፣ በላይፕዚግ ከተማ፣ በሽቦ የሚሰፋ ማሽን የሚሠራ ፋብሪካ ከፈቱ። ልብ በሉ፤ እያንዳንዱ ማሽን የተካው አንዱን የእጅ እንቅስቃሴ ብቻ ነው።

ቅደም ተከተሉም ከእጅ የተወሰደ ነው። ወረቀቶች ታጥፈው አንዱ በአንዱ ውስጥ ሲገቡ የመሃሉ ወረቀት ወደ ውጭ ይገፋል። መጀመሪያ ከርክሞ ኋላ የሰፋ ሰው ጠርዙ የተዛነፈ ደብተር ይወጣለታል። ስለዚህ ስፌቱ ይቀድማል፣ መቁረጡ ይከተላል። ሰፊዎቹ ይህን ያወቁት በቀመር ሳይሆን በጣታቸው ነው።

ሽቦው ፈጣንና ርካሽ ነው፤ ግን ይዝጋል፣ ሲዝግም ወረቀቱን ይበላዋል። በዚያ ዘመን በሽቦ የተሰፉ ብዙ መጻሕፍት የተበላሹት በዚሁ ነው። ክርና መርፌው ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቄሶቻችን የሚያነቡት በግዕዝ የተጻፈው ኦሪት ጥቅልል ሳይሆን ብራናው ታጥፎ፣ በጥራዝ በጥራዝ ተደርጎ በክር የተሰፋ መጽሐፍ ነው። ክሩ ቢበጠስ ተፈትቶ እንደገና ይሰፋል፤ ብራናው አይጎዳም። አባቶቻችን ሲሠሩ ጥገናውንም አስበውበት ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ ምህንድስና የምትማሩ ወንድሞችና እህቶች፣ ሞተሩን ከመምረጣችሁ በፊት አሥር ደብተር በእጃችሁ ስፉ። የትኛው ጣት ወረቀቱን እንደሚይዝ፣ የትኛው እንደሚያስተካክል አስተውሉ። ማሽኑ ማን የሚሠራውን ሥራ እንደሚተካም ጠይቁ፤ እንጀራዋ በዚያ ላይ የሆነች እናት ትኖር ይሆናል። እዚህ አገር ደብተርን «ማኽቤሬት» እንለዋለን፤ ከእኛው «ማኅበር» ጋር ሥሩ አንድ ነው፣ መጋጠም ማለት ነው። የተበታተነው ወረቀት ደብተር የሚባለው ሲጋጠም ነውና፣ የምትነድፉት ማሽን ዋና ሥራው ይኸው ነው።