ከፍትፍቱ ፊቱ፦ የስደተኛው ምግብ ቤትና ደንበኞቹ በካምፓላ

"ከፍትፍቱ ፊቱ" ይላል ያገራችን ሰው። ከቀረበው ምግብ ይልቅ የአቅራቢው ፊት ይበልጣል፤ በተቆጣ ፊት የቀረበ ጮማ ከጉሮሮ አይወርድም፣ በፈገግታ የቀረበ ሽሮ ግን ያጠግባል ማለቱ ነው። አባባሉ የባለ ቤትንና የእንግዳን ነገር የሚናገር እንጂ የሻጭንና የገዢን አይደለም። ዳሩ ግን እንጀራ ከአገሩ ወጥቶ በባዕድ ከተማ በገንዘብ መሸጥ ከጀመረ ወዲህ አባባሉ አዲስ ፈተና ገጥሞታል። ከፍሎ የሚበላ ሰው እንግዳ ነው ወይስ ገዢ? ሸጦ የሚያበላውስ ባለ ቤት ነው ወይስ ነጋዴ? ጥያቄው ይበልጥ የሚከብደው ደግሞ ሻጩ ራሱ በሰው አገር እንግዳ ሲሆን ነው። የኡጋንዳ ዋና ከተማ ካምፓላ፣ በተለይም ኪሱጉና አጎራባቿ ካባላጋላ፣ ይህን ጥያቄ ለመመርመር የተመቹ ሰፈሮች ናቸው።

ኪሱጉ በካምፓላ ደቡብ ምሥራቅ፣ በማኪንዴ ክፍለ ከተማ የምትገኝ ሰፈር ናት። በአንድ ወገን የሙዬንጋ ኮረብታ ቁልቁል ይመለከታታል፤ በአናቱ ላይ ከተሠሩት የውሃ ማጠራቀሚያዎች የተነሣ "ታንክ ሂል" የሚባለው ይህ ኮረብታ ባለ ገንዘቦችና የውጭ አገር ሰዎች የሚኖሩበት ነው። በሌላው ወገን በባቡር ሐዲዱ ግራና ቀኝ ደሳሳ ቤቶች ተጠጋግተው የተሠሩባት ናሙዎንጎ አለች። ካባላጋላ ደግሞ ከከተማው መሀል ተነሥቶ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ ወዳለው ወደ ጋባ የዓሣ ገበያ የሚወርደው መንገድ የሚያልፍባት፣ ሌሊቱን በዘፈንና በጥብስ ጢስ የምታነጋ ሰፈር ናት። ሀብታምና ድሃ፣ ዲፕሎማትና ስደተኛ በአንድ መንገድ ላይ ይተላለፉባታል። የሰፈሪቱ ስም ራሱ ከምግብ ስም ጋር አንድ ነው። ካባላጋላ ማለት በሉጋንዳ ቋንቋ ከትንንሽ ጣፋጭ ሙዝና ከካሳቫ ዱቄት ተለውሶ በዘይት የሚጠበስ ቂጣ ነውና። እንጀራ በዚህች በቂጣ ስም በምትጠራ ሰፈር ሁለተኛ ቤት ማግኘቱ ያጋጣሚ ጨዋታ ይመስላል።

የነገሩን ሥር ለማግኘት ግን በመጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ መመለስ ያስፈልጋል። በቀድሞው የኢትዮጵያ ልማድ መንገደኛን ማብላት የሚሸጥ ነገር አልነበረም። የመሸበት መንገደኛ ከደጅ ቆሞ "የእግዜር እንግዳ ነኝ" ካለ ቤቱ ባፈራው ይስተናገዳል። ከባሕር ማዶ ለሚመጣ የንጉሥ እንግዳም ስንቁ "ደርጎ" በሚባል ሥርዓት ከየመንደሩ ይቀርብለት ነበር። በቤተ መንግሥት የሚገባው ግብርም ሺህ ሰው ይመገብበታል እንጂ ሒሳብ የሚጠየቅበት አልነበረም። ጠላና ጠጅ የሚሸጡ ቤቶች ቢኖሩም ጨዋ ሰው በገንዘቡ ቁጭ ብሎ ምሳ የሚበላበት ቤት ግን አልተለመደም ነበር።

ይህን ልማድ የለወጠው በአዲስ አበባ በፒያሳ እምብርት የተሠራው የእቴጌ ሆቴል ነው። አጼ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በ1890ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ገደማ ሆቴሉን ሲያቋቁሙ መኳንንቱ ከፍሎ መብላትን እንደ ነውር ቆጥረው ወደ በሩ መቅረብን ፈርተው እንደነበር፣ ንጉሠ ነገሥቱም ሹማምንቱን እየገፋፉ ገብተው በልተው ከፍለው እንዲወጡ እንዳለማመዷቸው ሲነገር ኖሯል። ነገሩ እንደ ቀልድ ቢወራም ቁም ነገር አለው። መኳንንቱ የፈሩት ዋጋውን አልነበረም። የፈሩት ከእንግድነት ወደ ገዢነት መውረድን ነበር። እንግዳ ክብር አለው፤ ገዢ ግን ያለው ገንዘብ ብቻ ነው ብለው አስበዋል።

ቋንቋችን ለዚህ ፍርሃት የሰጠው መልስ የሚያስደንቅ ነው። በምግብ ቤት የሚታዘዘውን ሰው አማርኛ "አስተናጋጅ" ብሎ ጠራው፤ ቃሉ "እንግዳ" ከሚለው ሥር የተወለደ ነው። ዘወትር እየመጣ የሚበላውንም "ገዢ" አላለውም፤ "ደንበኛ" አለው። ደንበኛ ማለት ደንብ ያለው፣ ትክክለኛው፣ የታወቀው ማለት ነው። እንዲህ ሆኖ ሆቴሉ እንግዳን ወደ ገዢ ቢለውጠውም ቋንቋው ግን ገዢውን መልሶ ወደ እንግዳ ወንበሩ አስቀመጠው። "ሆቴል" የሚለው ቃል እንኳ በአማርኛ ከማደሪያነት ይልቅ መብያነትን ሲያመለክት ኖሯል። ይህም የእኛ ብቻ አይደለም። በስዋሂሊ "ሆቴሊ"፣ በሉጋንዳ "ዎቴሪ" የሚባለው አልጋ የሌለው ተራ ምግብ ቤት ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ኪሱጉ የደረሰ ሰው በዚህ ቃል አይደናገርም። በሰዓትም አይደናገርም፤ በሉጋንዳ የቀኑ ሰዓት ልክ እንደ እኛ ከንጋት ጀምሮ ይቆጠራልና።

ኡጋንዳም የራሷ የገበታ ታሪክ ያላት አገር ናት። ዶሮ ወይም ሥጋ ከለውዝ መረቅ ጋር በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ በእንፋሎት የሚበስለው ሉዎምቦ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ ከካባካ ምዋንጋ ቤተ መንግሥት ማድ ቤት እንደወጣ ይተረካል። ዛሬ ግን የንጉሥ ምግብ መሆኑ ቀርቶ በየሰፈሩ ምግብ ቤት ይቀርባል። ከዚህ ይበልጥ ለጉዳያችን የሚቀርበው ግን "ሮሌክስ" የሚባለው የመንገድ ዳር ምግብ ነው። እንቁላል ከቲማቲምና ከሽንኩርት ጋር ተጠብሶ በቻፓቲ ይጠቀለላል፤ ስሙም የእጅ ሰዓት ስም ሳይሆን "የተጠቀለለ እንቁላል" የሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ በአፍ ሲፋጠን የወጣ ነው። ቻፓቲ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የመጣው ከሕንዳውያን ጋር ነው። ከእነርሱም ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. ከ1896 እስከ 1901 ከሞምባሳ እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ የተዘረጋውን የባቡር ሐዲድ ለመሥራት የመጡ ሠራተኞች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 1972 ኢዲ አሚን እስያውያን በ90 ቀን ውስጥ ከኡጋንዳ እንዲወጡ አዘዘ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሱቃቸውንና ቤታቸውን ጥለው ሄዱ። ቂጣቸው ግን ቀረ። ዛሬ ቻፓቲን የባዕድ ምግብ የሚል ኡጋንዳዊ አይገኝም። ምግብ ከባለቤቱ ይልቅ በቶሎ ዜግነት እንደሚያገኝ ከዚህ ይታያል።

ኢትዮጵያውያን በካምፓላ መታየት የጀመሩት ከ1966ቱ አብዮት በኋላ በነበሩት የስደት ዓመታት ሲሆን፣ ከፊሉ በኬንያ በኩል አድርጎ፣ ከፊሉም ወደ ሦስተኛ አገር ለመሻገር እያሰበ የመጣ ነው። "እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት" እንደሚባለው፣ ለጊዜው የመጣ ሰው ሲሰነብት የሚኖርበትን መፈለግ ግድ ሆነበት። የኡጋንዳ የቀድሞ የስደተኞች ሕግ፣ እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው፣ ስደተኛውን በሰፈራ ጣቢያ ወስኖ የሚቆጣጠር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው አዲሱ ሕግ ግን ስደተኛ በአገሪቱ ውስጥ እንዲዘዋወርና ሠርቶ እንዲኖር በመፍቀዱ በአፍሪካ ከተመሰገኑት ሕጎች አንዱ ሆኗል። ሶማሌዎች በኪሴንዪ እንደተሰባሰቡ ሁሉ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንም በካባላጋላና በዙሪያዋ ተሰባሰቡ። ዲፕሎማ ይዞ ለመጣው ዲፕሎማው ባይሠራለትም፣ እናቱ ያስተማረችው ወጥ ግን ይሠራለት ነበር።

የእነዚህ ምግብ ቤቶች ደንበኛ ሦስት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው አገሩን የናፈቀ ኢትዮጵያዊ ነው። እርሱ የሚመጣው ለምግቡ ብቻ አይደለም፤ ቋንቋውን ሊሰማ፣ ወሬ ሊጠይቅ፣ ቡና ሲቆላ ጢሱን ሊያሸት ነው። ሽሮው ቢቀጥን ያማርራል፤ እንጀራው ዓይን ባያወጣ "ምን አስቸኮላችሁ?" ይላል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2006 ጤፍ በእህልነቱ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ካገደች በኋላ የስደት ጋጋሪ ሁሉ ጤፉን በሌላ ዱቄት ማብዛት አስፈልጎት ነበርና ትችቱ እውነት ባይጠፋውም ጨካኝ ነበር። የሚገርመው ግን የሚያማርረው ሰው በማግሥቱ ተመልሶ መምጣቱ ነው። ምሬቱ ራሱ የቤተኛ መብት ነውና፤ እንግዳ በሰው ቤት ጨው አነሰ አይልም።

ሁለተኛው ከሙዬንጋ የሚወርደው የውጭ አገር ሰው ነው። ሥጋ የማይበላ ከሆነ በረቡዕና በዓርብ የጾም በያይነቱ ይደሰታል። ከተሳሳተም በስደት ባሉ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ተደጋግሞ እንደሚቀለደው፣ የተጠቀለለውን እንጀራ የእጅ መጥረጊያ ጨርቅ ብሎ ይጠብቃል። ሦስተኛው ኡጋንዳዊው ነው። እርሱ በእጅ መብላት አያስተምሩትም፤ ፖሾንም ሆነ የዳጉሳ ገንፎውን ካሎን በእጁ ሲጠቀልል ያደገ ነው። ከምግብ በፊት እጅ ማስታጠብም በእርሱ ቤት የኖረ ወግ ነው። የሚያስደነግጠው ትሪው ነው። የየራሱን ሳህን የለመደ ሰው ከባልደረቦቹ ጋር በአንድ ትሪ ዙሪያ ሲቀመጥ፣ ከዚያም አልፎ አንዱ ጠቅልሎ ወደ አፉ ሲሰነዝርበት፣ የገዛው ምግብ የእርሱ ብቻ አለመሆኑን ይረዳል። እንግዲህ ከፍሎ የገባው ገዢ ከጉርሻው በኋላ ሳያስበው እንግዳ ሆኗል።

የስደት ምግብ ቤት ትልቁ ነገርም እዚህ ላይ ነው። ስደተኛ በሰው አገር ቀኑን ሙሉ እንግዳ ነው። በመሥሪያ ቤት ሰልፍ ይቆማል፣ ወረቀቱን ያሳያል፣ "ነገ ና" ይባላል። ማታ የምግብ ቤቱን በር ሲከፍት ግን ነገሩ ይገለበጣል። አሁን የሚቀበል እርሱ ነው። "ኑ ግቡ፣ ቁጭ በሉ፣ በሞቴ ብሉ" የማለት ሥልጣን በእጁ ነው። ባለ አገሩ የእርሱ እንግዳ ይሆናል። ከትርፉ የማይተናነስ ዋጋ ያለው ይህ ነው፤ ክብርን መልሶ ማግኘት። ምኒልክ ዘመን መኳንንቱ ከፍሎ በመብላት ክብራቸውን እንዳያጡ ፈርተው ነበር፤ ስደተኛው ግን አስከፍሎ በማብላት የጠፋበትን ክብር አገኘ።

ይህ ገበታ ሌላም ሥራ ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1998 የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲጀመር ድንበሩ ተዘጋ፤ ዳግም የተከፈተው በ2018 ነው። በእነዚያ 20 ዓመታት ከአዲስ አበባ አስመራ የሚሄድ መንገደኛ አልነበረም። ካባላጋላ ውስጥ ግን የሁለቱ አገር ልጆች በአንድ ጎዳና እንጀራ ሲጋግሩ፣ አንዱ ከሌላው ቤት ሲበላ ኖረዋል። መንግሥታት ያልተስማሙበትን በርበሬ ያስማማው ነበር።

ሐምሌ 4 ቀን 2002 ዓ.ም. እሑድ ምሽት፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 11 ቀን 2010፣ በደቡብ አፍሪካ የስፔንና የሆላንድ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ይካሄድ ነበር። በካባላጋላ የሚገኘው "ኢትዮጵያን ቪሌጅ" ምግብ ቤት ጨዋታውን ለማየት በመጣ ሰው ተሞልቶ ነበር። ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ በዚያ መሀል ቦምብ ፈነዳ። ብዙም ሳይቆይ በሉጎጎ በሚገኘው የክያዶንዶ የራግቢ ሜዳ ሌሎች ፍንዳታዎች ተከተሉ። በሁለቱ ስፍራዎች ከ70 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ መካከል ኡጋንዳውያን፣ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ነበሩ፤ በምግብ ቤቱ ከቆሰሉት ውስጥም ከአሜሪካ ፔንሲልቫኒያ ለበጎ አድራጎት የመጡ የቤተ ክርስቲያን አባላት ይገኙበታል። ኃላፊነቱን የወሰደው አልሸባብ ሲሆን፣ ምክንያት ያደረገው እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በሶማሊያ የሠፈረውን የኡጋንዳ ጦር ነው። የኢትዮጵያ ጦርም ከ2006 መጨረሻ እስከ 2009 መጀመሪያ በሶማሊያ ቆይቶ ነበርና የምግብ ቤቱ ስም ራሱ ለጥቃት የሚጋብዝ ሆኖ ነበር። የኡጋንዳ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 ከተከሳሾቹ አምስቱን በዕድሜ ልክ፣ ሁለቱን በ50 ዓመት እስራት ቀጥቷል።

የዚያ ምሽት ሟቾች ዝርዝር የምግብ ቤቱ የደንበኞች ዝርዝር መሆኑን ልብ ይሏል። ባለ አገሩ፣ ስደተኛው፣ በሁለት ጠላት መንግሥታት ሥር የተወለዱት ወንድማማቾች፣ ከሩቅ የመጣው መንገደኛ፣ ሁሉም በአንድ ቤት ነበሩ። ቦምቡ የተጠመደው ለዚህ ነው፤ ማንንም ሳይለይ "ግቡ" የሚል በር ለገዳይም ክፍት ነውና። ከዚያ ወዲህ የካምፓላ ደንበኛ ወደ ምግብ ቤት ሲገባ በመጀመሪያ የሚያገኘው የአስተናጋጅ ፈገግታ መሆኑ ቀርቶ ቦርሳውን የሚከፍት፣ ሰውነቱን በመሣሪያ የሚዳስስ ዘበኛ ሆነ። በቀድሞው ልማድ የእንግዳን ዕቃ መበርበር ነውር ነበር። ፊቱ ከፍትፍቱ በሚበልጥበት ገበታ ዘንድ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም።

ቢሆንም የካባላጋላና የኪሱጉ ምጣድ አልቀዘቀዘም። ከፍተሻው አልፎ የገባ ሰው ዛሬም እጁን ይታጠባል፣ ትሪ ይቀርብለታል፣ ጉርሻ ይደርሰዋል። በቡጋንዳ ወግ የበላ ሰው ያበሰለውን "ወባሌ ኩፉምባ"፣ ስላበሰልክ አመሰግናለሁ፣ ሲለው አብሳዩም "ወባሌ ኩልያ" ብሎ ይመልሳል፤ ስለ በላህልኝ አመሰግናለሁ ማለት ነው። ኢትዮጵያዊው "ብሉልኝ" ሲል ይህንኑ ማለቱ ነው። በዚህች "ልኝ" በምትለው ቅጥያ ውስጥ የሚበላው ሰው ለሚያበላው የሚያደርገው ውለታ አለ። ከአገሩ የወጣ ሰው ይህን ውለታ አጥብቆ ይሻዋል። ገበታውን ዘርግቶ "ብሉልኝ" የሚለው ሰው እስካገኘ ድረስ ሙሉ በሙሉ ስደተኛ አይሆንምና።