ቴሌቪዥን ግድግዳችንን የያዘበት ታሪክ



ዛሬ አንድ አባወራ ለሳሎኑ ቴሌቪዥን ሊገዛ ወደ መርካቶ ሲወጣ ባለ ሱቁ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ኢንች?» ብሎ ነው። ኢንቹ ግን እንደ ምንጣፍ በወርድ ወይም በቁመት አይለካም፤ ከአንዱ ማዕዘን ተነስቶ ወደ ተቃራኒው ማዕዘን በሰያፍ ነው የሚለካው። ልማዱ የመጣው ከጥንቱ መስታወት ነው። በመጀመሪያዎቹ ቴሌቪዥኖች ውስጥ ምስል የሚወጣበት የመስታወት ቱቦ ፊቱ እንደ ሰሐን ክብ ስለ ነበር፣ መጠኑ የሚነገረው ከዳር እስከ ዳር ባለው ስፋቱ ነበር። በኋላ ፊቱ አራት ማዕዘን ሲደረግ ያ ልኬት በሰያፉ ርዝመት ተተክቶ ቀረ።

ይህ ተራ ነገር ቢመስልም ገዢን ያሳስታል። 65 ኢንች የ32 ኢንች እጥፍ ነው ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። በሰያፉ እውነት ነው፤ ግድግዳ ላይ የሚይዘው ቦታ ግን ከአራት እጥፍ በላይ ነው። 32 ኢንቹ ወደ 71 ሳንቲ ሜትር ወርድና 40 ሳንቲ ሜትር ቁመት ሲኖረው፣ 65ቱ 144 በ81 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ከአብዛኛው መስገጃ ይበልጣል ማለት ነው።

ቴሌቪዥን በሀገራችን ሥርጭት የጀመረው በ1957 ዓ.ም. በጥቅምት ወር የንጉሡ የዘውድ በዓል በሚከበርበት ዕለት ነበር። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ነበር፤ ቀለም የመጣው የደርግ መንግሥት 10ኛውን የአብዮት በዓል ባከበረበት በ1977 ዓ.ም. መግቢያ ነው። በእኛ የልጅነት ዘመን ቴሌቪዥን ያለው ቤት በሰፈሩ ውስጥ የታወቀ ነበር። የአባባ ተስፋዬ የልጆች ጊዜ ሲደርስ ሙስሊም ሆነ ክርስቲያን የጎረቤት ልጅ ሁሉ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ይገባና መሬት ላይ ይደረደራል። ሣጥኑ ቡፌ ውስጥ ይቀመጥ ነበር። ሲጠፋ ደግሞ የቤቱ እመቤት በእጇ የሠራችው ዳንቴል ይለብስ ነበር፤ እንግዳ ሲመጣ የሚታየው ዳንቴሉ እንጂ ቴሌቪዥኑ አልነበረም።

በዚያ ዘመን ቴሌቪዥን በመጠኑ እንዳያድግ ያሰረው ክብደቱ ነው። የመስታወቱ ቱቦ በውስጡ አየር ስለሌለው ከውጭ የሚጫነውን አየር የሚችለው ወፍራም ሲሆን ብቻ ነው። ፊቱ በሰፋ ቁጥር መስታወቱ ይወፍራል፤ ወደ ኋላም ይረዝማል። ሶኒ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1989 ባለ 43 ኢንች ሠርቶ ነበር፤ ክብደቱ ግን ወደ 200 ኪሎ ይደርስ ነበር። ሁለት ኩንታል የሚመዝን ዕቃ ማን ደረጃ ያወጣዋል!

መፍትሔው የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በአሜሪካ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ዶናልድ ቢትዘር፣ ጂን ስሎቶው እና ሮበርት ዊልሰን የተባሉ ሰዎች ፕላዝማ የሚባለውን ጠፍጣፋ መስኮት የፈለሰፉት እ.ኤ.አ. በ1964 ነበር። በሀገራችን ቴሌቪዥን የጀመረውም በዚያው ዓመት መሆኑ ይገርማል። እነርሱ የሠሩት ግን ለተማሪዎች ማስተማሪያ ኮምፒዩተር እንጂ ለሳሎን አልነበረም። ወደ ሳሎን ለመድረስ ከ30 ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ማብቂያ ባለ 42 ኢንች ፕላዝማ ለገበያ ሲወጣ ዋጋው የመኪና ያህል ነበር። ከዚያ ኤል ሲ ዲ የተባለው እየረከሰ መጣና ፕላዝማን ከገበያ አስወጣው፤ ፓናሶኒክ እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ፣ ሌሎቹም ተከትለው ፕላዝማ መሥራት አቆሙ። ዛሬ «ኤል ኢ ዲ» ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው ያው ኤል ሲ ዲ ነው፤ የተለወጠው ከኋላው የሚያበራው መብራት ነው። ሻጭ ሁለቱን እንደተለያየ ዕቃ ሲያወዳድር የሰማ ገዢ ይህን ቢያውቅ ይጠቀማል።

በሙስሊሙ ዓለም የነበረው ክርክር ግን ሌላ ነበር። ከቴሌቪዥን በፊት ፎቶግራፍ ሲመጣ በምስል ክልከላ የመጡትን ሐዲሶች ይዘው የከለከሉ ዑለማዎች ነበሩ። የግብፅ ሙፍቲ የነበሩት ሸይኽ ሙሐመድ በኺት አል-ሙጢዒ ደግሞ ፎቶግራፍ በመስተዋት ላይ እንደሚታይ ጥላ ነው፣ ጥላውን ይዞ ማስቀረት እንጂ መፍጠር አይደለም በማለት መፈቀዱን ጽፈዋል። ግብፅ ቴሌቪዥን የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። በሳዑዲ ግን ጉዳዩ ደም አፍስሷል። በንጉሥ ፈይሰል ዘመን እ.ኤ.አ. በ1965 ሥርጭት ሲጀመር ተቃውሞ ተነሣ፤ ኻሊድ ኢብን ሙሳዒድ የተባለ የንጉሣዊው ቤተሰብ ልዑል ከተቃዋሚዎቹ ጋር ሆኖ በጸጥታ ኃይሎች ተገደለ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 25 ቀን 1975 ንጉሥ ፈይሰልን በጥይት የገደለው የዚህ ልዑል ወንድም ነበር። ምክንያቱ የወንድሙ ደም ነው የሚሉ አሉ፤ ሌላ ምክንያት የሚሰጡም አሉ።

እንግዲህ ያ ሁሉ ክርክር ስለ ምስሉ ነበር። ስለ መጠኑ ማንም አልተከራከረም፤ በዚያን ጊዜ የሚያከራክር መጠን አልነበረውምና። ዛሬ ዑለማዎች ራሳቸው በቴሌቪዥን ደርስ ይሰጣሉ፤ በረመዳን ከመካ የሚተላለፈውን ተራዊሕ የማይከታተል ቤት ጥቂት ነው። በእኔ አስተያየት አሁን የቀረን ጥያቄ የቦታ ጥያቄ ነው። ለዚህ ደግሞ ከቴሌቪዥን ከ1,300 ዓመት በላይ የሚቀድም አንድ ወሬ በቡኻሪ ዘግቦልናል። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) የቤቷን አንድ ወገን የሸፈነችበት ባለ ሥዕል መጋረጃ ነበራት፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በሶላታቸው ላይ ሥዕሎቹ እየታዩዋቸው ስለ ተቸገሩ እንድታነሳው ነገሯት። የቤቱን አንድ ወገን የሸፈነ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

ሳሎን ድሮ እንዴት እንደ ነበር ለማየት የሐረር ጌይ ቤትን መመልከት ይጠቅማል። በዋናው ክፍል ውስጥ ነደባ የሚባሉ አምስት መደቦች አሉ፤ ከፍታቸው የተለያየ ነው፣ እያንዳንዱም የራሱ ስምና የራሱ ተቀማጭ አለው። የአሚሩ ነደባ ለተከበረ ሰው ነው፤ ታላቅና ታናሽ፣ እንግዳና ቤተሰብ በየደረጃው ይቀመጣል። ግድግዳው በስፌትና በሰሐን ያሸበረቀ ነው፤ በግድግዳው ውስጥ በተቦረቦሩት መደርደሪያዎች ቁርኣንና ኪታብ ይቀመጣል። ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ሌላ ነው፦ መደቦቹ የተሠሩት ሰው ሰውን እንዲያይ ነው። የሚነገር ነገር ያለው ሰው የሁሉም ፊት ከፊቱ ነው። በዘመናዊው ሳሎን ሶፋው የሚደረደረው ወደ አንድ ግድግዳ ነው፤ አያት ሲናገሩ የሚሰማቸው የልጅ ልጅ ጎኑን እንጂ ፊቱን አይሰጣቸውም።

ይህን ስል ማንም አይግዛ ማለቴ አይደለም። ትልቁ መስኮት ዓይናቸው ለደከመ አዛውንት ፊደሉን ያነብላቸዋል፤ የጋራ ስለሆነም ልጅ በስልክ ተሸሽጎ ከሚያየው ይሻላል። ነገር ግን ከመግዛት በፊት ሜትር ይዞ ሳሎኑን መለካት ያስፈልጋል። ባለ 55 ኢንች 140 ሳንቲ ሜትር ሰያፍ አለው፤ የሚመከረው የመቀመጫ ርቀት የሰያፉ ከ1.2 እስከ 1.6 እጥፍ ስለሆነ፣ ከ1.7 እስከ 2.2 ሜትር ያህል መሆኑ ነው። በመጅሊስ ወይም በፍራሽ ላይ የምንቀመጥ ሰዎች ደግሞ ዓይናችን ዝቅ ያለ ነው፤ እንደ ቁርስ ቤት ከበር በላይ የተሰቀለ ቴሌቪዥን አንገት ያሳምማል። የመስኮቱ መካከል በተቀመጠ ሰው ዓይን ልክ ቢሆን ይመረጣል።

ከዚያ የግድግዳው ምርጫ ይመጣል። ለአዲስ አበባ ሰው ቂብላ ወደ ሰሜን ጥቂት ወደ ምሥራቅ ዘንበል ብሎ ነው፤ ለሐረር ሰው ጥቂት ወደ ምዕራብ። ቤተሰቡ በጀማዓ የሚሰግደው በሳሎኑ ከሆነ የሰሜኑ ግድግዳ ባዶ ቢቀር ይሻላል። ጠፍቶም ቢሆን ጥቁሩ መስታወት የሰጋጁን ምስል መልሶ ያሳያል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ግን በሩ፣ መስኮቱና የወጥ ቤቱ መግቢያ ሦስቱን ግድግዳ ወስደው የሚተርፈው ያ አንዱ ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ለእንዲህ ያለው ቤት ባለ 65ቱን ትቶ ባለ 43ቱን በቡፌ ላይ ማስቀመጥና፣ አዛን ሲል የሚሳብ መጋረጃ ከፊቱ ማድረግ ይቻላል። እናቶቻችን የሠሩት ዳንቴልም በየቁም ሣጥኑ ታጥፎ አለ።