ደንገጎን መውጣት ያቃተው መንኮራኩር፦ ከሐርላ ግመል እስከ ዛሬው ጎማችን

የዛሬው ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ሰኔ ገብቷል። ሙቀቱ ገና አልለቀቀንም፣ ዝናቡ ደግሞ በር ላይ ነው። ከቀድሞ ተማሪዎቼ መካከል ባጃጅ፣ ሚኒባስና አይሱዙ የምትይዙ ብዙ ናችሁና ስለ ጎማ ልጽፍ ተነሳሁ። «ቲቸር፣ ታሪኩን ትተህ ጎሚስታ ሆንክ እንዴ?» የሚል ኮሜንት እንደሚመጣ አውቃለሁ። አቦ ትንሽ ታገሱኝ። የድሬዳዋን ታሪክ ከነገሥታቱ ሳይሆን መሬት ከሚነካው ነገር፣ ማለትም ከእግር፣ ከብረትና ከጎማ ብንጀምረው ብዙ ነገር ግልጽ ይሆናል።

ከሐርላ እንነሳ። ስለ ሐርላ ስናድግ የሰማነው ሕዝቡ ግዙፍ እንደነበረ ነው፤ «ያን ሁሉ ድንጋይ ተራ ሰው አያነሳውም» ይባላል። በኤክሰተር ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል የሚመራ ቡድን ከሀገራችን የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር ቆፍሮ ያገኘው ነገር በሰኔ 2009 ዓ.ም. ይፋ ሲሆን ግን ከመቃብሩ የወጣው አጽም የተራ ሰው መጠን ያለው ሆኖ ተገኘ። የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ የጌጣጌጥ መሥሪያ ቦታ፣ የቻይና ሸክላ ስባሪ፣ የባሕር ዛጎል፣ ከሕንድ ውቅያኖስ ማዶ የመጣ ዶቃ፣ የ13ኛው ክፍለ ዘመን የግብፅ ሳንቲም አብሮ ወጣ።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። ባሕሩ ከሐርላ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። መሐሉ በረሃ ነው፣ ከዚያ ደግሞ ዳገት። ያ ሁሉ ዕቃ ምን ላይ ሆኖ መጣ? በጋሪ አይደለም፤ በእግር ነው፤ በግመል፣ በአህያ፣ በሰው እግር። የግመል እግር ሰፊና ለስላሳ ስለሆነ አሸዋ ላይ ይንጣለላል እንጂ አይሰምጥም። ያው እግር ጭቃና የረጠበ ድንጋይ ላይ ሲደርስ ይንሸራተታል። ስለዚህ ነጋዴው መቼ እንደሚነሳ ወቅት ይወስንለት ነበር። መርከቡን የሚያመጣውና የሚመልሰው የሕንድ ውቅያኖስ ነፋስ ነው፤ ለምሳሌ የበርበራ ትልቁ ገበያ የሚቆመው ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ድረስ ብቻ ነበር። በረሃው ውስጥም ውሃና ሣር የሚገኝበት ጊዜ የታወቀ ነው። ወቅቱን ያልጠበቀ ግመሉን ያጣል፣ ግመሉን ያጣ ሸክሙን ያጣል።

አሁን ወደ 19ኛው ክፍለ ዘመን እንምጣ። ከዘይላ ወደ ሐረር የሚሄድ ሲራራ ገልዴሳ ላይ ይቆም ነበር። ገልዴሳ ዛሬ ከድሬዳዋ ሰሜን ምሥራቅ ያለች ትንሽ ቦታ ናት፤ ያኔ ግን የታወቀች ኬላ ነበረች። እስከዚያ ሸክሙን የሚያመጡት የኢሳዎቹ ግመሎች ናቸው። ከዚያ በላይ ወዳለው ተራራ ጭነቱ ወደ አህያና በቅሎ ይዛወራል። የቀረጥና የጎሳ ወሰን ጉዳይ መኖሩ እውነት ነው። ነገር ግን መሬቱም ራሱ «እስከዚህ በዚህ እግር፣ ከዚህ በኋላ በሌላ እግር» ይል ነበር።

ፊንላንድና ጀርመን ያላችሁ ልጆቼ ይህ ነገር እንግዳ አይሆንባችሁም። በረዶ ሊመጣ ሲል የበጋውን ጎማ አውርዳችሁ የክረምቱን ታስገጥማላችሁ። የመጀመሪያውን የበረዶ ጎማ የሠሩት ፊንላንዶች ናቸው፣ በ1934 እ.ኤ.አ.። ተራው ጎማ ከ7 ዲግሪ በታች እየደረቀ መሬት መያዝ ያቅተዋል፤ የክረምቱ ግን ለስላሳ ሆኖ ይቆያል። ገልዴሳ ላይ ይደረግ የነበረውም ሐሳቡ ይኸው ነው። መሬቱ ሲለወጥ መሬቱን የሚነካው ነገርም ይለወጣል።

ከዚያ ባቡሩ መጣ። አፄ ምኒልክ ለአልፍሬድ ኢልግና ለሼፍኔ ፈቃድ ሰጡ፣ ግንባታው በ1897 እ.ኤ.አ. ከጅቡቲ ተነሳ። የመጀመሪያው ዕቅድ ሐዲዱ ሐረር እንዲገባ ነበር። ተራራው እምቢ አለ። የብረት መንኮራኩር (ዛሬ ይህን ቃል ስንሰማ ጠፈር ነው ትዝ የሚለን፣ ትርጉሙ ግን የሚሽከረከር እግር ነው) በብረት ሐዲድ ላይ ሲሄድ በትንሽ ጉልበት ብዙ ጭነት ይጎትታል። ምሥጢሩ ሰበቃው ትንሽ መሆኑ ነው። ሰበቃው ትንሽ በመሆኑ ደግሞ ዳገት ላይ ቆንጥጦ አይይዝም። ቀጥ ያለ ተራራ ለማስወጣት መጠምዘዣውና ድልድዩ ብዙ ገንዘብ ይበላል። ስለዚህ መስመሩ ሐረርን ትቶ ከሥር ሜዳውን ያዘ፣ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. እኛ ጋ ደረሰ። ቦታውንም «አዲስ ሐረር» አሉት። ድሬዳዋ ማለት እንግዲህ መንኮራኩር ደንገጎን መውጣት ስላቃተው የተወለደች ከተማ ናት። ገልዴሳም በዚያው ሥራዋን ለድሬ አስረከበች።

ባቡር ክረምት ከበጋ ይሄዳል ይባላል፤ ወቅት ግን እሱንም አልተወውም። ብረት በሙቀት ስለሚረዝም ሐዲዱ ሲዘረጋ በየመጋጠሚያው ክፍተት ይተውለታል፤ የድሮው ባቡር «ተክ ተክ» የሚለው ከዚያ የተነሳ ነው። በባቡር ዓለም አንድ የታወቀ ሥራም ነበር። ባቡሩ ሲቆም በመዶሻ መንኮራኩሩን አንድ በአንድ እየመታ ድምፁን የሚያዳምጥ ሠራተኛ። ጤነኛው ጥርት ብሎ ይደውላል፣ የተሰነጠቀው ያፍናል። የተበላውም ወደ ቶርኖ ገብቶ ይስተካከላል። የእኛ ከተማ የምድር ባቡር ዋና ጥገና የሚሠራባት ስለነበረች ይህን የመሰለ የእጅ ሙያ በየሰፈራችን አባቶች ዘንድ ነበር።

የጎማው ነገር ከዚህ ጎን ለጎን ነው የመጣው። ቤልፋስት ይኖር የነበረው የእንስሳት ሐኪም ጆን ዳንሎፕ ለልጁ ሳይክል በአየር የተሞላ ጎማ ሠርቶ በ1888 እ.ኤ.አ. አስመዘገበው። ምኒልክ ሐረርን በያዙ በዓመቱ ገደማ መሆኑ ነው። በ1900 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ሲድሊ የተባለች መኪና ይዞ ከባሕር ዳር ተነስቶ ከወራት ጉዞ በኋላ አዲስ አበባ ገባ። የጣሊያን ወረራ ሲመጣ መንገድና ከባድ መኪና በብዛት መጣ። ዛሬ ጎሚስታ ቤት ቆማችሁ የምትሰሙትን ቃል አስቡት፦ ጎማ፣ ጎሚስታ፣ ቸርኬ፣ ካላማዳሪ፣ ስኮርታ፣ ባሌስትራ፣ ካምቢዮ። ጣሊያን ከ5 ዓመት በኋላ ወጣ፣ ቃሉ ግን ጋራዥ ውስጥ ቀረ። ጎማውንም እኛ የራሳችን አደረግነው። አልቆ ሲወርድ በረባሶ ሆኖ እግር ላይ ዋለ፤ በመኪና መሬት ሲነካ የኖረው ተመልሶ በሰው እግር መሬት ነካ።

በ1969 ዓ.ም. በሶማሊያ ወረራ ሐዲዱ ተቆራረጠ። ከጦርነቱ በኋላ ቢጠገንም እያረጀ ሄዶ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ ጋር ያገናኘን የነበረው አገልግሎት ቆመ። አዲሱ ባቡር ሥራ እስኪጀምር ድረስ ሸክማችን ሁሉ ጎማ ላይ ወደቀ። አዲሱ ከመጣም በኋላ ደንገጎን የሚወጣው ያው ጎማ ነው።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። በግመሉ ዘመን የእንስሳውን እግር የሚያይ የሲራራ አዛዥ ነበር። በባቡሩ ዘመን መዶሻ የያዘ ሰው ነበር። በጎማው ዘመን ማን አለ? ሾፌሩ «የባለቤቱ ነው» ይላል፣ ባለቤቱ «ሾፌሩ ይየው» ይላል። ለቦሎ በዓመት አንድ ቀን ይታያል፤ የቀረውን 364 ቀን ማን ያየዋል? ደንገጎ ላይ የምንሰማው የአደጋ ወሬ ሁሉ «ፍሬን እምቢ አለው» ወይም «ጎማ ፈነዳ» ብሎ ያልቃል፣ ልክ ከሰማይ የወረደ ነገር ይመስል። ጎማ ግን ከመፈንዳቱ በፊት ብዙ ምልክት ያሳያል።

ስለዚህ በእኛ በድሬዎች ወቅት ልዘርዝረው።

ግንቦትና ሰኔ (ሙቀት)፦ ጎማ የሚፈነዳው አየር ስለበዛበት ይመስለናል። በብዛት ግን ገዳዩ የአየር ማነስ ነው። አየር ያነሰው ጎማ ጎኑ በየዙሩ ይታጠፋል፣ መታጠፉ ሙቀት ይፈጥራል፣ ሙቀቱ ውስጡን ይበላዋል። ከኋላ ጎን ለጎን ከተገጠሙት ሁለት ጎማዎች አንዱ ተንፍሶ ሲሄድ ሾፌሩ ላያውቅ ይችላል፤ ግሎ እሳት እስከመነሳት ይደርሳል። አየር የሚለካው ጠዋት፣ መኪናው ሳይነዳ ነው። ለትንሽ መኪና የ10 ዲግሪ ለውጥ ወደ 2 ፒ.ኤስ.አይ. ይጠጋል፤ ስለዚህ እኩለ ቀን ላይ የጋለ ጎማ ለክታችሁ «በዝቷል» ብላችሁ አታስተንፍሱ። ማታ ሲበርድ ያንሳል፣ በማግስቱ ያነሰውን ይዛችሁ ትነዳላችሁ። ከደንገጎ ስትወርዱ ደግሞ በከባድ ማርሽ ውረዱ፤ ፍሬን ላይ ተንጠልጥሎ የሚወርድ መኪና የፍሬኑ ግለት ወደ ቸርኬው፣ ከቸርኬው ወደ ጎማው ይተላለፋል።

በልግና ክረምት (ዝናብ)፦ የመጀመሪያው ካፊያ ከዶፉ ይብሳል። የወራት አቧራና ዘይት ከውሃ ጋር ሲቀላቀል አስፋልቱ ሳሙና ይሆናል። የጎማ ጥርስ ሥራው ውሃውን ከሥር መግፋት ነው፤ ሊሾ የሆነ ጎማ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፣ ያኔ መሪም ፍሬንም ትርጉም የለውም። አውሮፓ ውስጥ ጥርሱ ከ1.6 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ጎማ አይነዳም። ደቻቱንማ ማንም አያስረዳንም። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፤ ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ግን ከ200 በላይ ሰው ወሰደብን። ጉልበት የማይደርስ፣ 30 ሳንቲ ሜትር የሚሮጥ ውሃ ትንሽ መኪና ማንሳት ይችላል፤ በአየር የተሞላው ጎማ ራሱ እንዲንሳፈፍ ይረዳዋል። ጎርፍ ሲመጣ ግመሉን አስተኝቶ የሚጠብቀው የድሮ ሰው ሰነፍ አልነበረም። ውሃው ካለፈ በኋላም ቸርኬ ውስጥ የደረቀ ጭቃ ባላንሱን ያዛባል፤ መሪው ቢንቀጠቀጥባችሁ መጀመሪያ አሳጥቡት።

ከጥቅምት እስከ ጥር (ደረቅና ቀዝቃዛ)፦ ጠዋት ይበርዳልና አየሩን እንደገና ለኩት። የእሾህም ጊዜ ነው። ግራሩ አንሶ በ1970ዎቹ የመጣው ፕሮሶፒስ መንገድ ዳር ሁሉ ወሮታል፤ እሾሁ ጎማ ይበሳል። ስኮርታችሁም አየር እንዳለው እዩ። የተነፈሰ ስኮርታ ጭነት ብቻ ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ የታሪክ አስተማሪ ስለሆንኩ ዘመን አቆጣጠር ሳላነሳ አልቀርም። ጎማው ጎን ላይ «ዶት» ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥር አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይነግሯችኋል። «2315» ካለ በ2015 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው፤ ግን እ.ኤ.አ. ነው! በእኛ 2007 መሆኑ ነው። ጥርሱ ሙሉ፣ የሚያብረቀርቅ፣ «የ15 ነው፣ አዲስ ነው» እየተባለ የሚሸጥላችሁ ጎማ በእኛ አቆጣጠር ስታሰሉት 8 ዓመት ታተርፋላችሁ፤ ትርፉ ግን ዕድሜ ነው። ጎማ ሳይነዳም ያረጃል፤ ፀሐይ ላይ ተደርድሮ የከረመ ጎማ ጎኑ ላይ ስንጥቅ ካያችሁ ይለፋችሁ።

ሐርላዎች ግዙፎች አልነበሩም። እንደኛ ቁመት ያላቸው ሰዎች ሆነው የቻይናን ሸክላ ሳይሰበር ከባሕር እስከ ተራራ ያደረሱት ወቅቱንና እግሩን እያዩ ነው። የእኛ መኪና ሸክላ ሳይሆን ሰው ነው የጫነው።

ነገ ጠዋት ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት አራቱንም ዙሩና እዩ። ስኮርታውን ጨምሮ አምስት። ሾፌር የሆነ ወንድም፣ አባት፣ ጓደኛ ያላችሁ ሼር አድርጉለት። ከአባቶቻችሁ ውስጥ የምድር ባቡር ጥገና ላይ የሠራ ካለ ደግሞ የሚያስታውሰውን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ያ ሙያ ሳይጻፍ እንዳያልፍ።

መልካም ክረምት፣ መልካም መንገድ።