አስቀጻዩን የዘነጋ ብያኔ፦ ስለ ግል ማስጠናት ረብ፣ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ አንጻር

ለሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች በገንዘብ የሚሰጠው የግል ማስጠናት ይረባል ወይስ አይረባም በሚለው ጥያቄ ላይ የተጻፈው ብዙ ነው። ስቲቨንሰንና ቤከር በ1992 እ.ኤ.አ. ስለ ጃፓን ተማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ ከመደበኛው ትምህርት ውጭ መሰናዳት ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት እንደሚረዳ አሳይተዋል፤ ከእነርሱ ወዲህ የተነሡትም ይህንኑ ሲደግፉና ሲነቅፉ ኖረዋልና በዚያ ላይ የምጨምረው የለኝም። ሙግቴ ከማርክ ብሬይ ጋር ነው።

ብሬይ በ1999 እ.ኤ.አ. በፓሪስ፣ በዩኔስኮ ዓለም አቀፍ የትምህርት ዕቅድ ተቋም በኩል ባወጣው መጽሐፍ፣ የግል ማስጠናትን የመደበኛው ትምህርት ጥላ ብሎ ጠርቶ፣ አካሉ በተለወጠ ቍጥር ጥላውም አብሮ እንደሚለወጥ አስረድቶ፣ ለምርመራው ሦስት ድንበር አበጀለት፤ ይኸውም በትምህርት ቤት ከሚሰጠው በላይ የሚጨመር፣ የቀለም ትምህርትን ብቻ የሚመለከትና ለገንዘብ ጥቅም የሚደረግ ይሁን የሚል ነው። ያለ ዋጋ የሚደረገውን ማስጠናት ዐውቆ ከድንበሩ ውጭ አስቀረው። የገዛ ተማሪዎቹን በክፍያ የሚያስጠና መምህር በክፍል ውስጥ ሊሰጥ የሚገባውን እስከ ማታ ሊያቈይ እንደሚችል ስላስጠነቀቀ ምስጋና ይገባዋል፤ ብያኔው ግን በደቡብ ጎንደር ለሚገኙት ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ አይበቃም።

አስቀድሞ፣ ጭማሪ የሚባለው የሚጨመርበት ነገር ሲኖር ነው። በ2014 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና በመላው አገር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 ከመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ በዚሁ በ2015ቱ ፈተና 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ ሳያሳልፉ ቀርተዋል፤ በ2017 ዓ.ም. ያለፉት ወደ 8.4 ከመቶ ከፍ ማለታቸውም ነገሩን አይለውጠውም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነት እስከ ጋይንቷ ነፋስ መውጫ ደርሶ፣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህም ሌላ ግጭት በአማራ ክልል ብዙ ትምህርት ቤቶችን በዘጋበት ምድር፣ ተማሪው የጐደለው የዐሥራ ሁለተኛው ክፍል ቅጥያ ሳይሆን የዘጠነኛው ክፍል መሠረት ነው። ከገጠር ቀበሌ ወጥቶ በወረዳ ከተሞቹ በአርብ ገበያ፣ በወገዳ ወይም በመካነ ኢየሱስ ቤት ተከራይቶ፣ ስንቁን ከወላጆቹ ቤት እየተሸከመ ለሚማረው፣ ለአስጠኚ የሚከፈለው ገንዘብ ከቤት ኪራዩና ከዘይቱ የሚቀነስ ነው፤ ሴፍቲኔት በሚረዳው ቤተ ሰብ ዘንድ ደግሞ ከእህልም ይቀነሳል። በዚህ ዋጋ የሚገዛው ምንድን ነው? አብዛኛውን ጊዜ ያለፉት ዓመታት የፈተና ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ነው፤ ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተዛውሮ ቍጥጥሩ ከጠበቀ ወዲህ ግን፣ መልስ የሸመደደው ምክንያቱን ካወቀው ጋር መተካከሉ ቀርቷል።

ሁለተኛውና ዋናው ነቀፌታዬ በገንዘብ ድንበሩ ላይ ነው። የአለቃ እምባቆም ቃለ ወልድ መጽሐፍ በመንግሥቱ ለማ ተተርጕሞ በ1970 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ በእንግሊዝኛ ሲታተም፣ የቤተ ክርስቲያናችንን ትምህርት ከንባብ ቤት እስከ መጻሕፍት ቤት ዘርዝሮ ለዓለም አቅርቦ ነበር፤ የትምህርት ዕቅድ ሊቃውንት ግን መጽሐፉን እንደ ቅርስ ማስታወሻ እንጂ እንደ ማስረጃ አላነበቡትም። ድጓን ለማስመስከር ደቀ መዛሙርት ከየአገሩ የሚጐርፉባት ቤተልሔም በጋይንት መሆኗን፣ ዝማሬ መዋሥእት የሚመሰከርበት ዙር አምባም በዚያው ምድር መሆኑን ያስተዋለ ሰው፣ ከመምህር በቀር ሌላ የሚያስጠና መኖሩ ለዚህ አካባቢ እንግዳ ነገር እንዳልሆነ አይስተውም። በጉባኤው በቀለም የገፋው ደቀ መዝሙር አስቀጻይ ሆኖ ታናሹን ይዞ ያስቀጽላል፤ ታናሹ ያልያዘውን እያስደገመ ያስይዘዋል፤ ያላወቀውን ሳያውቅ ወደሚቀጥለው አያሳልፈውም፤ የየኔታም ጆሮ ከሁለቱም አይርቅም። ዋጋው ገንዘብ አይደለም፤ አስቀጻዩ ሲያስተምር ራሱ ይጸናል፤ ነገም መምህር የሚሆነው ከዚሁ ተነሥቶ ነው። እንዲህ ያለውን ማስጠናት ከብያኔው ያወጣ ሰው፣ ከማስጠናት ሁሉ የሚበልጠውን ሳይመዝን ቀረ ማለት ነው።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቃል መያዝ ብቻ ነውና ለሒሳብና ለፊዚክስ አይሆንም የሚሉ፣ የቅኔ ተማሪ በየዕለቱ አዲስ ቅኔ መቍጠር እንዳለበት ይዘነጋሉ። የጃፓኑን ጥናት የሚጠቅሱም፣ ያ ተማሪ ያልተቋረጠ ትምህርት የነበረው መሆኑን ያስቡ። ያለ ክፍያ የሚደረግ አይጸናም ለሚሉትም ቤተልሔም ራሷ መልስ ናት። ሦስቱ አካባቢዎች ለመላው አገር ይመሰክራሉ ለማለት አልደፍርም፤ ነገር ግን የገጠር ወረዳ ሁሉ የራሱን ጉባኤ ቢመረምር ፍርዱ ከዚህ የሚርቅ አይመስለኝም።

ስለዚህ የክፍያ ማስጠናት ለእነዚህ ተማሪዎች በአብዛኛው አይረባም፤ የሚረባው፣ ፈተናውን አልፈው ዩኒቨርሲቲ የገቡት የአካባቢው ልጆች በክረምት ወደ ቤታቸው ሲመለሱ፣ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጐበዞችም በዓመቱ ውስጥ ከዘጠነኛና ከዐሥረኛ ክፍል መጽሐፍ ጀምረው፣ በመምህሩ ተቈጣጣሪነት፣ ታናናሾቻቸውን ሲያስቀጽሉ ነው። የደቡብ ጎንደር የትምህርት ሹሞች መምህር የገዛ ተማሪውን በክፍያ እንዳያስጠና ይከልክሉ፤ ለአስቀጻዮቹም ክፍልና መብራት ይስጡ። ወላጆች ሆይ፣ ለአስጠኚ ክፍያ በግ ከመሸጣችሁ በፊት፣ ልጃችሁ የዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ መጽሐፉን ይዞ በፊታችሁ አንድ ጥያቄ እንዲፈታ ጠይቁት።