መዳረሻ ነጥብ፦ ኮርኒስ ላይ ያለውን ሣጥን የሚያዘው ማነው?

በሆቴል መተላለፊያ ወይም በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ኮርኒስ ላይ ትንሽ መብራት የሚታይበት ነጭ ሣጥን ተለጥፎ ይገኛል። የኔትወርክ ሰዎች «አክሰስ ፖይንት»፣ ሲያሳጥሩት ደግሞ «ኤፒ» ይሉታል። በአማርኛ «መዳረሻ ነጥብ» ልንለው እንችላለን። ሥራው በኬብል የመጣውን መረጃ በሬዲዮ ሞገድ ለስልክና ለላፕቶፕ ማድረስ፣ ከእነሱ የተላከውንም ተቀብሎ ወደ ኬብሉ መመለስ ነው።

ከሁለት ነገሮች ጋር ይምታታል። ቋንቋው አማርኛ በሆነ የአንድሮይድ ስልክ ቅንብር ውስጥ «የመዳረሻ ነጥብ ስሞች» የሚል መስመር አለ፤ እሱ የሲም ካርዱ ዳታ በየት በኩል ወደ ኢንተርኔት እንደሚወጣ የሚወስን ነው፤ ከዋይፋይ ጋር አይገናኝም። ራውተርም ሌላ ነው፤ የራውተር ሥራ ከአንዱ ኔትወርክ ወደ ሌላው መንገድ ማሳየት ነው። የቤታችን ሣጥን የራውተርንም የመዳረሻ ነጥብንም ሥራ አንድ ላይ ስለሚሠራ ልዩነቱ አይታየንም።

ቤት ውስጥ ሣጥኑ አንድ ስለሆነ በብሮውዘር ገብቶ ስምና ፓስወርድ መቀየር ይበቃል። 40 ሣጥን ያለው ሆቴል ግን ፓስወርድ በተቀየረ ቁጥር 40 ጊዜ መግባት ሊኖርበት ነው፤ አንዱ ከተረሳ በዚያ ክፍል ያረፈው እንግዳ «ዋይፋዩ አይሠራም» ብሎ ይደውላል። «የሚተዳደር መዳረሻ ነጥብ» የመጣው ለዚህ ነው። ቅንብሩ የሚጻፈው «ኮንትሮለር» በሚባለው ተቆጣጣሪ ላይ ነው፤ ይህም ራሱን የቻለ መሣሪያ፣ ሰርቨር ላይ የተጫነ ሶፍትዌር ወይም የክላውድ አገልግሎት ሊሆን ይችላል። አዲስ ሣጥን ኬብል ሲሰካለት ተቆጣጣሪውን ይፈልጋል፤ አስተዳዳሪው ሲቀበለው የተመደበለትን ቅንብር አውርዶ ሥራ ይጀምራል። ስለዚህ አንድ ቴክኒሻን መሰላል ላይ ወጥቶ ሣጥኑ ላይ በእጁ የቀየረው ነገር፣ ተቆጣጣሪው ቅንብሩን እንደገና ሲልክ በአብዛኛው ይጠፋል።

ታዲያ ተቆጣጣሪው ላይ ምን ይወሰናል? መጀመሪያ ቻናል፣ ማለትም ሣጥኑ የሚያሰራጭበት የሞገድ መስመር። በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ከ1 እስከ 13 የተቆጠሩ ቻናሎች አሉ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት 5 ሜጋኸርዝ ሲሆን አንድ የዋይፋይ ምልክት ግን 20 ሜጋኸርዝ ያህል ይይዛል። ስለዚህ ጎን ለጎን ለሚተከሉ ሣጥኖች የተለመደው ምርጫ 1፣ 6 እና 11 ነው። «3 ላይ ማንም የለም» ብሎ እዚያ የገባ ሰው 1ንም 6ንም ያውካል። በአንድ ቻናል ላይ ያሉ ሣጥኖች እየተሰማሙ ተራ ይጠብቃሉ፤ በከፊል የተደራረቡት ግን አንዱ ለሌላው ጫጫታ ነው። 5 ጊጋኸርዝ ሰፋ ያለ ቦታ ስላለው የሰው ብዛት ላለበት አዳራሽ ይሻላል።

ቀጥሎ የሥርጭት ኃይል። «ዋይፋዩ ደካማ ነው» ሲባል ብዙ ሰው ኃይሉን እስከ መጨረሻው መጨመር ይቀናዋል። ሣጥኑ ጮኾ ቢናገርም የስልኩ ድምፅ ያው ነው፤ ስልኩ ሣጥኑን ይሰማዋል፣ ሣጥኑ ግን ስልኩን በቅጡ አይሰማውም። ከዚህም በላይ ከአንዱ መዳረሻ ነጥብ ወደ ሌላው መቼ እንደሚዛወር የሚወስነው በዋናነት ስልኩ ነው። ሁሉም ሣጥን በሙሉ ኃይል ሲሠራ፣ ምድር ቤት የተገናኘ ስልክ ሦስተኛ ፎቅ ደርሶም የመጀመሪያውን አይለቅም፤ ምልክት ያሳያል፣ ገጽ ግን አይከፍትም። እንዲህ ሲሆን መድኃኒቱ አንዳንዴ ኃይሉን መቀነስ ነው።

ሦስተኛው ስም ነው። እያንዳንዱ ሣጥን የሚያሰራጨውን እያንዳንዱን የዋይፋይ ስም በሰከንድ 10 ጊዜ ያህል ያውጃል፤ ለሒሳብ ክፍል፣ ለኩሽና፣ ለጥበቃ እየተባለ ስም ሲበዛ አየሩ በማስታወቂያ ይሞላል። ሁለት ወይም ሦስት ስም ይበቃል፤ የእንግዳውንና የሠራተኛውን መረጃ «ቪላን» በሚባል ክፍፍል መለየት ይቻላል። ስሙን በፊደላችን ለመጻፍ የሚፈልግ ደግሞ ልክ አለው። ስም ከ32 ባይት አይበልጥም፤ አንድ የግዕዝ ፊደል «ዩቲኤፍ-8» በሚባለው የዩኒኮድ አጻጻፍ 3 ባይት ስለሚይዝ 10 ፊደል ብቻ ይገባል። «የእንግዶች ዋይፋይ» ከነክፍት ቦታው 31 ባይት ነው፤ ለጥቂት ያልፋል።

የአገር ኮድም አይዘለልም። የተፈቀዱት ቻናሎችና ኃይል በየአገሩ ስለሚለያዩ ለኢትዮጵያ «ኢቲ» የሚለው ኮድ ይመረጣል። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ አንዳንድ ሣጥኖች በዚያ አገር ሕግ ስለተቆለፉ ኮዳቸው አይቀየርም፤ ዘመድ በሻንጣ ከማምጣቱ በፊት ይህን ማጣራት ይገባል።

ሣጥኖቹ ኤሌክትሪክም የሚያገኙት በዚያው የኔትወርክ ኬብል ነው። ይህን የሚሰጣቸው ስዊች (ኬብሎቹ የሚሰበሰቡበት መሣሪያ) «ዩፒኤስ» ከሚባለው የባትሪ መጠባበቂያ ጋር ከተያያዘ፣ መብራት ሲጠፋ ባትሪው እስከቻለ ድረስ ሕንፃው በሙሉ ዋይፋይ አያጣም። ራውተሩና ከአገልግሎት ሰጪው የመጣው መሣሪያ በዚያው ዩፒኤስ ላይ ካልሆኑ ግን ስልኩ ዋይፋዩን ይዞ ኢንተርኔት ያጣል።

ቅሬታ ያለው ሰውም ይህን አሠራር ቢያውቅ ይጠቅመዋል። «ኔትወርክ የለም» ከማለት ይልቅ የክፍሉን ቁጥርና ሰዓቱን መናገር ይሻላል፤ ስልኩ በዚያ ሰዓት የትኛውን መዳረሻ ነጥብ፣ በየትኛው ቻናል እንደያዘ በተቆጣጣሪው ላይ ብዙውን ጊዜ ተመዝግቦ ይገኛል።