ዕድሜ የቆጠረ የጋራ መኖሪያ ቤት በቀዘቀዘ ገበያ፦ የዋጋ አወጣጥና የሽያጭ ሥርዓት

አዲስ አበባ፦ በአዲስ አበባ ከተማ የቤቶች ልማት ፕሮግራም የመጀመሪያ ዓመታት ተገንብተው ለነዋሪዎች የተላለፉ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሃያ ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል። ከባለቤቶቻቸው መካከል ቁጥራቸው ቀላል የማይባል የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ጊዜያቸው ሲቃረብ፣ ልጆቻቸው ሲያድጉና ቤቱ ሲጠብባቸው ወይም ውርስ መከፋፈል ሲያስፈልግ ቤታቸውን ለመሸጥ ያስባሉ። ገበያው በቀዘቀዘበት ወቅት ግን የቤቱ መሸጥ አለመሸጥ የሚወሰነው በአብዛኛው ገና በመጀመሪያው ሳምንት ሻጩ በሚጠራው ዋጋ ነው። ከፍ አድርጎ ጠርቶ መጠበቅ ብዙ ጊዜ ዝቅ አድርጎ ከመሸጥ የበለጠ ኪሳራ ያስከትላል።

በመዲናዋ ለሽያጭ የሚቀርብ አሮጌ አፓርታማ ሲባል በቅድሚያ መለየት ያለበት ጉዳይ አለ። ከአብዮቱ በፊት የተሠሩት የመሃል ከተማ የኪራይ አፓርታማዎች በአብዛኛው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ንብረት ባደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የተወረሱ በመሆናቸው በግለሰብ አይሸጡም። ስለዚህ በገበያው ላይ የሚገኙት አሮጌ አፓርታማዎች በዋናነት ከገርጂ የሙከራ ግንባታ ጀምሮ የተሠሩት ኮንዶሚኒየሞች ናቸው። እነዚህ ቤቶች በአብዛኛው ባለ አራት ፎቅና ሊፍት የሌላቸው ሕንፃዎች ላይ የሚገኙ ሲሆን፣ ከስቱዲዮ እስከ ባለ ሦስት መኝታ ድረስ በአራት ዓይነት የተከፈሉ ናቸው። በዕጣ የደረሰ ቤት ለአምስት ዓመት እንዳይሸጥ የሚከለክለው ገደብም ለእነዚህ ቤቶች ካበቃ ቆይቷል።

የገበያው መቀዝቀዝ የራሱ ምክንያቶች አሉት። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ መመሪያ ያወጣ ሲሆን፣ ጣሪያው በ2017 ዓ.ም ወደ 18 በመቶ፣ በኋላም ከዚያ በላይ ከፍ እንዲል ተደርጓል። ብድር ሲጠብ ባንኮች ያላቸውን ገንዘብ በቅድሚያ ለንግድና ለኢንዱስትሪ ማዋላቸው የሚጠበቅ በመሆኑ የቤት ገዢው ድርሻ ያንሳል። በመሆኑም አሮጌ ኮንዶሚኒየም የሚገዛው ሰው ብዙውን ጊዜ ከራሱ ቁጠባ፣ ከቤተሰብ መዋጮ ወይም በውጭ አገር ከሚኖር ዘመዱ በሚያገኘው ገንዘብ የሚገዛ ነው። የዚህ ገዢ አቅም የታወቀ ልክ አለው፤ ሻጩ ስለፈለገ አይጨምርም።

ሻጩ በበኩሉ የሚያየው ሌላ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ በኋላ የብር የምንዛሪ ዋጋ ሲቀንስ ከውጭ የሚገቡ የግንባታ ዕቃዎች ዋጋ ንሯል። “ዛሬ ይህን ቤት ልሥራው ብል ስንት ይፈጃል?” ብሎ የሚያሰላ ባለቤት በዚያው ሒሳብ ዋጋ ይጠራል። ስሌቱ ለአዲስ ቤት ያስኬድ ይሆናል። ለሃያ ዓመት ቤት ግን አይሠራም፤ ገዢው የሚከፍለው ለአዲስ ቧንቧ፣ ለአዲስ ጣሪያና ለአዲስ የኤሌክትሪክ መስመር አይደለምና።

ዋጋ ለማውጣት የተሻለው መነሻ በዚያው ሳይት፣ የሚቻል ከሆነም በዚያው ብሎክ፣ በቅርብ ወራት በእርግጥ የተሸጡ ተመሳሳይ ቤቶች ዋጋ ነው። እዚህ ላይ “የተጠራ” እና “የተሸጠ” ዋጋ መለየት አለባቸው። ደላላ የሚናገረው በአብዛኛው የተጠራውን ነው፤ ለወራት ሳይሸጥ የቆየ ቤት ዋጋም ማስረጃ የሚሆነው ቤቱ በዚያ ዋጋ እንደማይሸጥ ብቻ ነው። በውልና ማስረጃ የተመዘገበ ዋጋም ታክስና ክፍያ ለመቀነስ ሲባል ዝቅ ተደርጎ ሊሞላ ስለሚችል ሙሉ እምነት አይጣልበትም። ቢያንስ የሦስት ቤቶችን እውነተኛ የሽያጭ ዋጋ ከሻጮቹ ወይም ከገዢዎቹ አንደበት መስማት፣ ከብሎኩ የባለቤቶች ማኅበር ኃላፊዎች ጋር መነጋገርና የተገኘውን በካሬ ሜትር ማካፈል የተሻለ ግምት ይሰጣል። ሲካፈል በካርታው ላይ የሰፈረውን ስፋት መያዝ ያስፈልጋል። ስቱዲዮን ከባለ ሦስት መኝታ ጋር በካሬ ማወዳደርም ያሳስታል፤ የትንሽ ቤት ጠቅላላ ዋጋ ዝቅተኛ በመሆኑ ገዢው ይበዛል፣ የካሬ ዋጋውም ከፍ ይላል።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው መቀነስና መጨመር ነው። ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ቤት አረጋውያን ወላጆችን ይዞ የሚገባ ገዢ አያገኝም፤ የላይኛው ወለል ላይ ጣሪያው ያፈስስ እንደሆነም ገዢ ኮርኒሱን ቀና ብሎ ማየቱ አይቀርም። ውኃ በፈረቃ በሚደርስበት ሳይት የራሱ ሮቶ ያለው ቤት ከሌለው ይመረጣል። የፍሳሽ መስመር በተደጋጋሚ የሚደፈንበት ብሎክ፣ መብራቱ የጠፋ ደረጃ፣ ያለ ፈቃድ የተዘጋ በረንዳ ሁሉም ዋጋ ይቀንሳሉ። በረንዳውን ዘግቶ ክፍል የጨመረ ባለቤት ግን እንደ ተጨማሪ መኝታ ቆጥሮ ዋጋ ሲጠራበት ይስተዋላል። ከሽያጭ በፊት የሚደረግ ዕድሳትን በተመለከተ ቀለም፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧና የተሰበረ መስታወት ወጪያቸውን ይመልሳሉ። ኩሽናውን አፍርሶ እንደ አዲስ መሥራት ግን በቀዘቀዘ ገበያ እምብዛም አይመልስም፤ ገዢው እንደገና በራሱ ምርጫ ሊያፈርሰው ይችላል።

መጠበቅ ምን ያህል እንደሚያስከፍል በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ ባለቤት ባዶ ለሆነ ቤቱ 6 ሚሊዮን ብር ጠርቶ 5 ሚሊዮን 400 ሺህ ብር ቢቀርብለትና እምቢ ቢል፣ ከአንድ ዓመት በኋላም የጠራውን 6 ሚሊዮን ብር ቢያገኝ ያሸነፈ ይመስላል። በዚያ ዓመት አጠቃላይ የዋጋ ንረቱ 15 በመቶ ከሆነ ግን የተቀበለው ገንዘብ የመግዛት አቅም በመጀመሪያው ቀን ሒሳብ 5 ሚሊዮን 217 ሺህ ብር ገደማ ነው፤ እምቢ ካለው ዋጋ በ183 ሺህ ብር ያንሳል። ሁለት ዓመት ቢቆይ ወደ 4 ሚሊዮን 537 ሺህ ብር ይወርዳል። በዚህ ምሳሌ የዋጋ ንረቱ ከ11 በመቶ ጥቂት ካለፈ መጠበቁ ኪሳራ ነው። እርግጥ ስሌቱ የሚሠራው ገንዘቡ ወዲያው ለታሰበለት ጉዳይ፣ ለምሳሌ ለሌላ ቤት መግዣ፣ ሲውል ነው። ሸጦ ገንዘቡን በቁጠባ ሒሳብ የሚያስተኛ ሰው ንረቱን ከቤቱ ወደ ባንክ ደብተሩ አዛወረው እንጂ አላመለጠውም። በእኛ አገር የቀዘቀዘ ገበያ የሚያሳስተውም በዚህ ነው፤ የተጠራው ዋጋ በብር ባለበት ቆሞ እውነተኛ ዋጋው ግን ይወርዳል።

“ገዢ እስኪመጣ ላከራየው” የሚለው አማራጭ በቀድሞው ጊዜ ቀላል ነበር። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ ወዲህ ግን የኪራይ ውል ዘመን ከ2 ዓመት ሊያንስ አይችልም። ራሱ ሊኖርበት የሚፈልግ ገዢ ተከራይ ያለበትን ቤት ይሸሻል፤ ቀሪው ገዢ ደግሞ ዋጋ ያስቀንሳል። በመሆኑም ቤቱን ለኪራይ መስጠት ለሁለት ዓመት አለመሸጥን እንደመወሰን ሊቆጠር ይገባል።

በቀዘቀዘ ገበያ ሰነዱ የተሟላ ቤት ቅድሚያ ያገኛል። ጥሬ ገንዘብ የያዘ ገዢ ምርጫው ብዙ በመሆኑ ካርታ እስኪወጣ አይጠብቅም። ቤቱ የተገዛበት የባንክ ብድር ካልተጠናቀቀ ቀሪ ዕዳውን አስልቶ የመዝጊያ ደብዳቤ ማግኘት፣ ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን ማረጋገጥ፣ የውኃ፣ የመብራትና የማኅበር መዋጮ ክፍያዎችን ማጠናቀቅ ከማስታወቂያው በፊት የሚሠሩ ሥራዎች ናቸው። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነትን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 370/1995 እያንዳንዱ ባለቤት የጋራ ወጪዎችን እንዲጋራ ስለሚያስገድድ ያልተከፈለ መዋጮ በድርድሩ ላይ መነሣቱ አይቀርም።

ባለትዳሮችን በተመለከተ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 በአንቀጽ 68 የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። አንደኛው ወገን በዋሽንግተን ወይም በዱባይ የሚኖር ከሆነ መሸጥን ለይቶ የሚጠቅስ ውክልና በኤምባሲ ወይም በቆንስላ በኩል ተረጋግጦ መምጣት ይኖርበታል። ይህ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል ገዢ ከተገኘ በኋላ የሚጀመር ሥራ አይደለም።

ከታክስ አኳያ የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የማይንቀሳቀስ ንብረት በማስተላለፍ በሚገኝ ጥቅም ላይ 15 በመቶ ግብር የጣለ ሲሆን፣ ከመተላለፉ በፊት ለ2 ዓመት ሙሉ በሙሉ በመኖሪያነት ያገለገለ የግል ቤትን ከዚህ ነፃ አድርጓል። ቤቱን ለዓመታት ያከራየ ባለቤት ይህን ነፃነት ላያገኝ ይችላል። የገቢ ግብር ሕጉ በ2017 ዓ.ም የተሻሻለ በመሆኑ ዋጋ ከመቁረጥ በፊት የሚመለከተውን የገቢዎች ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይገባል። በተጨማሪም የቴምብር ቀረጥ አዋጅ ቁጥር 110/1990 በባለቤትነት ማስተላለፊያ ሰነድ ላይ የዋጋውን 2 በመቶ ቀረጥ ጥሏል። የስም ማዛወሪያ ወጪዎችን ማን እንደሚሸፍን አስቀድሞ ያልተስማሙ ወገኖች ውል በሚዋዋሉበት ዕለት የሚለያዩበት አጋጣሚ አለ።

በውሉ ላይ ዝቅተኛ ዋጋ የመሙላት ልማድ ከሕገወጥነቱ ባሻገር ሁለቱንም ወገኖች ለአደጋ ያጋልጣል። ውሉ ቢፈርስ ገዢው በሰነድ ማስረዳት የሚችለው የተጻፈውን ብቻ ነው። ሻጩም ቀሪውን ገንዘብ ቢከለከል የሚያቀርበው ሰነድ የለውም።

ዋጋው ከተቆረጠ በኋላ የሚሰጠው ቀብድ በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1883 እና ተከታዮቹ የሚመራ ነው። ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ገዢ ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ሻጭ ከተወ ዕጥፉን ይመልሳል። ከቀብድ በኋላ የተሻለ ዋጋ የመጣለት ሻጭ ይህን አስቀድሞ ሊያሰላ ይገባል። የሽያጭ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት መመዝገብ ያለበት ሲሆን፣ ቀሪው ክፍያ በሲፒኦ ቢፈጸም ገንዘቡ ስለመከፈሉ ክርክር አይነሣም። ቁልፍ ርክክቡ በሚካሄድበት ዕለት የውኃና የመብራት ቆጣሪ ንባብ በሁለቱም ወገኖች ፊርማ ተይዞ ቅጂው ለማኅበሩ ይሰጣል።