የመበለቲቱ ቃል፦ የዞሃር መጽሐፍና ደራሲውን ፍለጋ

በ1305 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሙሴ ዴ ሌዮን የተባለ አይሁዳዊ ሊቅ ከስፔን ከተማ ከቫላዶሊድ ወደ ቤቱ ሲመለስ አሬቫሎ ላይ ታሞ ሞተ። አቪላ ለነበሩት ሚስቱና ሴት ልጁ ያስቀረላቸው ጥሪት አልነበረም። ጥቂት ቆይቶ የከተማዋ ባለጸጋ የአቪላው ዮሴፍ ሚስቱን ወደ መበለቲቱ ላከ። ልጁን ለልጇ ሊድር፣ እሷንም ዕድሜዋን ሙሉ ሊጦር ቃል ገባ። በምላሹ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሟቹ እየገለበጠ ለሰው ሲሰጥ የኖረውን ጥንታዊ መጽሐፍ።

መበለቲቱ ማለች። እንዲህ ያለ መጽሐፍ በቤቷ ኖሮ እንደማያውቅ፣ ባሏ ያን ሁሉ የጻፈው ከገዛ ልቡ አፍልቆ እንደሆነ ተናገረች። የራሱን ድርሰት ለምን የሌላ እንደሚያደርገው ጠይቃው ነበር። በስሙ ቢያወጣው ማንም ዞር ብሎ እንደማያየው፣ የጥንቱ ቅዱስ የረቢ ሺሞን ባር ዮሃይ ነው ሲል ግን በውድ ዋጋ እንደሚገዙት ነግሯታል። ልጅቱም ለብቻዋ ስትጠየቅ ያንኑ ቃል ሰጠች።

ይህን ታሪክ የመዘገበው የአኮው ይስሐቅ ነው። በቅድስት ምድር ያለችው አኮ በ1291 በማምሉኮች እጅ ስትወድቅ ከተማዋን ለቆ የተሰደደ ሊቅ ነው። ስፔን ደርሶ ሙሴ ዴ ሌዮንን በቫላዶሊድ አግኝቶት ነበር። ሙሴም ጥንታዊው መጽሐፍ አቪላ በሚገኘው ቤቱ እንዳለና እንደሚያሳየው ምሎለት ተለያዩ፤ ከዚያ በኋላ ግን አልተገናኙም። የይስሐቅ ማስታወሻ ወደ እኛ የደረሰው አብርሃም ዛኩቶ በጻፈው የታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ነው። ይስሐቅ የመበለቲቱን ቃል ሰምቶ አልተቀመጠም፤ መጽሐፉ እውነተኛ ነው የሚሉትንም ይጠይቅ ነበር። ሆኖም የአንድ ደቀ መዝሙርን ምስክርነት ሊነግረን ሲጀምር ጽሑፉ እዚያው ላይ ይቋረጣል።

ሰባት መቶ ዓመት ያከራከረው ይህ መጽሐፍ ዞሃር ነው፤ ካባላ የሚባለው የአይሁድ ምሥጢራዊ ትምህርት ዋና መጽሐፍ። ከእሱ በፊትም መጻሕፍት ነበሩ። አጭሩ «ሰፈር የጺራ» ዓለም በ22ቱ የዕብራይስጥ ፊደላትና ሰፊሮት በሚላቸው 10 ቁጥሮች እንደተፈጠረች ያስተምራል። «ባሂር» የተባለው ደግሞ በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በደቡብ ፈረንሳይ ብቅ ብሏል። በስፋትና በውበት ግን ዞሃርን የሚስተካከል አልተገኘም።

መጽሐፉ አብዛኛው በአራማይክ የተጻፈ የኦሪት ትርጓሜ ነው። የእኛ የአንድምታ መምህራን አንዱን ቃል ይዘው «አንድም» እያሉ ምሥጢር እንደሚያወጡበት፣ ዞሃርም ከእያንዳንዱ ቃል በታች ሌላ ቃል ይፈልጋል። ትርጓሜው ግን በወንበር ላይ የተነገረ አይደለም። ረቢ ሺሞንና ጓደኞቹ በገሊላ መንገድ እየተጓዙ፣ ከዛፍ ጥላ አርፈው፣ እኩለ ሌሊት ላይ ተነሥተው ይነጋገራሉ። መንገድ ላይ ያገኙት ሽማግሌ አህያ ነጂ ከሁሉም በላይ አዋቂ ሆኖ ይገኛል፤ በሌላ ስፍራም አንድ ትንሽ ልጅ ሊቃውንቱን ያስደንቃል።

የትምህርቱ እምብርት እንዲህ ነው። እግዚአብሔር በባሕርዩ የማይደረስበት «ኤን ሶፍ»፣ ፍጻሜ የሌለው ነው። ለፍጥረቱ የሚገለጠው ግን እዚህ ሰፊሮት በተባሉት 10 መገለጫዎቹ ነው፦ በጥበብ፣ በምሕረት፣ በፍርድ፣ በውበትና በሌሎቹ። የመጨረሻዋ ሸኪና ከሕዝቡ ጋር አብራ የምትሰደድ የአምላክ ማደሪያ ናት። የሰው ጸሎትና ምግባር ላይኛውን ዓለም ያስማማል፤ ኃጢአቱም ይለያየዋል። ተሳዳጅ ለነበረ ሕዝብ ይህ ትልቅ መጽናኛ ነበር፤ ምስኪኑ ሰው በጓዳው የሚያደርገው ነገር ሰማይ ድረስ ዋጋ አለው ማለት ነውና።

በ1492 አይሁድ ከስፔን ሲባረሩ ትምህርቱም አብሯቸው ተሰደደ። በ1553 በሮም ታልሙድ የተባለው የአይሁድ የሕግና የትርጓሜ መጽሐፍ በአደባባይ ተቃጠለ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ከ1558 እስከ 1560 ዞሃር በጣሊያን ከተሞች በማንቱዋና በክሬሞና ታተመ። ምሥጢር በየገበያው አይሸጥም ብለው የተቃወሙ ረቢዎች ነበሩ፤ ኅትመቱን ግን አላስቆሙትም። በዚያው ዘመን በገሊላ ተራራ ላይ ያለችው ሳፌድ የካባላ መዲና ሆነች። ሙሴ ኮርዶቬሮ ትምህርቱን በሥርዓት አደራጀ። በግብፅ ያደገው ይስሐቅ ሉርያ በ1570 ሳፌድ ገብቶ በ1572 በወረርሽኝ ሲሞት ገና 38 ዓመቱ ነበር። በእጁ የጻፈው ጥቂት ነው፤ ያስፋፋለት ደቀ መዝሙሩ ሐይም ቪታል ነው። ሉርያ እንደሚለው አምላክ ለዓለም ስፍራ ለመተው ራሱን ሰበሰበ፤ ብርሃኑን የተቀበሉት ዕቃዎችም ተሰበሩ። የብርሃኑ ፍንጣሪዎች በዓለም ተበትነዋል፤ እነሱን ለቅሞ ዓለምን መጠገን የሰው ድርሻ ነው።

ይህ ተስፋ አደጋም ነበረው። የሰምርኔሱ ሳባታይ ጼቪ በ1665 መሲሕ ነው ተብሎ ሲታወጅ ከየመን እስከ አምስተርዳም ያሉ አይሁድ ተከተሉት። በ1666 ግን በቱርኩ ሱልጣን ፊት ቀርቦ እስልምናን ተቀበለ፤ ድንጋጤው ከባድ ነበር። በ1768 ረቢ ያዕቆብ ኤምደን የዞሃር ብዙ ክፍል በኋላ ዘመን የተጻፈ መሆኑን የሚሞግት መጽሐፍ አሳተመ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ታሪክ ጸሐፊው ሃይንሪሽ ግሬትስ ሙሴ ዴ ሌዮንን አጭበርባሪ፣ መጽሐፉንም ለአይሁድ አእምሮ ጎጂ አድርጎ አቀረበው።

ካባላን ከዚህ ንቀት ያወጣው በ1897 በርሊን የተወለደው ገርሾም ሾለም ነው። የዶክትሬት ሥራው ባሂርን ወደ ጀርመንኛ መተርጎም ነበር። በ1923 ኢየሩሳሌም ገብቶ በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ሠራ፤ በ1925 የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ሲከፈትም በዚያ ማስተማር ጀመረ። በዚያ ያነሣው የመጀመሪያ ትልቅ ጥያቄ ዞሃርን የጻፈው በእርግጥ ሙሴ ዴ ሌዮን ነውን የሚል ነበር። ያን ጊዜ የግሬትስን ፍርድ አልተቀበለም፤ በመጽሐፉ ውስጥ ጥንታዊ ቅርስ ሊኖር ይችላል ብሎ አሰበ።

ከዚያ ዓመታት ወስዶ ቃል በቃል መረመረው። አራማይኩ ከአፍ የተሰማ ሳይሆን ከታልሙድና ከጥንት ትርጉሞች የተለቀመ ሆኖ አገኘው። ከሥሩ የመካከለኛው ዘመን ዕብራይስጥ ይታያል፤ የስፔን ቋንቋ ዱካም አለበት። ጸሐፊው የገሊላን ምድር በመጻሕፍት እንጂ በእግሩ አያውቃትም። ሙሴ ዴ ሌዮን በስሙ ካወጣቸው የዕብራይስጥ መጻሕፍት ጋር ያለው መመሳሰልም አይካድም። በ1938 በኒውዮርክ ባቀረባቸውና በ1941 በመጽሐፍ በታተሙት ትምህርቶቹ ሾለም የቀድሞ አቋሙን ለውጦ የመበለቲቱን ቃል አጸና። ዋናው ክፍል የተጻፈው በ1280ዎቹ፣ በሙሴ ዴ ሌዮን እጅ ነው አለ።

ከግሬትስ የሚለየው ግን እዚህ ላይ ነው። ግሬትስ ደራሲውን ያወቀው ሊንቅ ነበር፤ ሾለም ደራሲውን ሲያውቅ መጽሐፉን ይበልጥ አከበረ። ከእሱ በኋላ የመጣው ይሁዳ ሊበስ ደግሞ ሥራው የአንድ ሰው ሳይሆን በስፔን ግዛት በካስቲል የነበሩ ሊቃውንት ማኅበር ውጤት ነው ሲል ሞገተ። ከ2004 እስከ 2017 በዳንኤል ማት መሪነት በ12 ቅጽ የወጣው የእንግሊዝኛ ትርጉምም የዚሁ ጥናት ፍሬ ነው። በሌላ በኩል ብዙ ምእመናን እስከ ዛሬ መጽሐፉን የረቢ ሺሞን ነው ብለው ያምናሉ፤ በየዓመቱም በሜሮን ተራራ ወዳለው መቃብሩ በመቶ ሺዎች ይጓዛሉ።

ይህ ታሪክ ለእኛ ሩቅ አይደለም። የአይሁድ ምሥጢራዊ ትምህርት ከዞሃር በፊት የሚጀምረው የአምላክን ዙፋን ካዩ ባለ ራእዮች ነው። ከእነዚህ ራእዮች እጅግ ጥንታዊ ከሆኑት አንዱ በመጽሐፈ ሄኖክ ምዕራፍ 14 ይገኛል፤ መጽሐፉም ሙሉ ሆኖ የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1773 ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ ወሰደ። በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን የተገኙት የአራማይክ ቁርጥራጮችም የመጽሐፉን ጥንታዊነት አረጋገጡ። በኋላ በተጻፈ ሌላ የዕብራይስጥ መጽሐፍ ሄኖክ ሜታትሮን ወደሚባል መልአክ ተለውጦ ረቢ እስማኤልን በሰማይ ሲቀበለው እናነባለን። ስለዚህ የዚህን ትምህርት ሥር የሚያጠና ሰው የኢትዮጵያን ብራና ሳይገልጥ አይሄድም።

ቅዱስ ለሚባል መጽሐፍ «ማን ጻፈው? መቼ? ለማን?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት የሚመስላቸው አሉ። የዞሃር ታሪክ ተቃራኒውን ያሳያል፤ ጥያቄውን በፍቅርና በትዕግሥት የጠየቀ ሰው መጽሐፉን ከናቂዎቹ እጅ አወጣው። በየገዳሙና በየደብሩ ያሉት የብራና መጻሕፍቶቻችንም እንዲህ ያለ አንባቢ ይሻሉ። ግዕዝ የሚማሩ ወጣቶች ሆይ፣ ጥያቄውን አትፍሩ፤ መጽሐፈ ሄኖክን ገልጣችሁ ከምዕራፍ 14 ጀምሩ።